የት እንደምታድሩ ማን ያውቃል?

መስከረም ሲጠባ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ በመኪና ይሞላል። የሀዲያ ሕዝብ ያሆዴን፣ የከምባታ ሕዝብ መሳላን ሊያከብር ከያለበት ወደ ትውልድ ቀዬው ይጎርፋል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በዶዮገና አልጋ ማግኘት ጭንቅ ይሆናል። የአባት ቤትም ቢሆን ከአራቱም ማዕዘን በመጡ ልጆችና የልጅ ልጆች ይጣበባል። ትንሹ ልጅ ከአያቱ ጋር፣ ትልቁ ከአጎቱ ጋር፣ እናት ከእህቶቿ ጋር፣ አባት ደግሞ ሳሎን ውስጥ መሬት ላይ ያድራል።

ባልና ሚስት “መኪናችን ውስጥ ብናድርስ?” ብለው የሚጠያየቁት በዚህ ጊዜ ነው።

ጥያቄው በተለይ ከውጭ አገር ለሚመጡ ቤተሰቦች አዲስ አይደለም። ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ ብዙ ወንድሞችና እህቶች ኑሯቸውን በደቡብ አፍሪካ እንዳደረጉ የታወቀ ነው። በዚያ አገር በበዓል ሰሞን ከመኪናው ኋላ ነጭ ቤት አስከትሎ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚጓዝ ቤተሰብ ማየት የተለመደ ነው። እዚያ ያየነውን እዚህ ብንሞክረውስ? ለመሆኑ የትኛው ዓይነት ይሻላል? ሌሊቱን ማንንም ሳናስቸግር፣ ማንም ሳያስቸግረን የት እናድራለን? ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ጉዟችንን ከአዲስ አበባ አስነሥተን፣ ከሆሳዕና በስተ ምዕራብ በጎምቦራ ወረዳ እስካለችው ሀቢቾ ድረስ እየሄድን እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልከት።

ሁለት ዓይነት ቤት በጎማ ላይ

የመጀመሪያው ካምፐር የሚባለው ነው። ሞተሩ፣ መሪውና አልጋው በአንድ አካል ውስጥ ናቸው። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ኋላ ዞር ካለ መኝታ ቤቱ ገባ ማለት ነው። ጀርመኖች በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የቮልስዋገን ሚኒባስ ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን እየገጠሙ በዓለም ያስተዋወቁት ይህን ዓይነቱን ነው።

ሁለተኛው ካራቫን ይባላል። የራሱ ሞተር የለውም። የጭነት መኪና ተሳቢውን እንደሚስብ ሁሉ የቤት መኪና ከኋላው ይስበዋል። ለሽርሽር ተብሎ የተሠራው የመጀመሪያው ካራቫን እ.ኤ.አ. በ1885 ጎርደን ስቴብልስ ለተባለ ስኮትላንዳዊ የባሕር ኃይል ሐኪም የተሠራው ሲሆን፣ የሚጎትቱትም ሁለት ፈረሶች ነበሩ። ስሙ ግን ከዚያ ይቀድማል። ካራቫን በምሥራቁ ዓለም ተከታትሎ የሚጓዝ የነጋዴ ጭፍራ ማለት ነው፤ እኛ ሲራራ የምንለው መሆኑ ነው።

ካራቫን ትልቅ ጥቅም አለው። የደረሳችሁበት ቦታ ፈትታችሁ ስታቆሙት መኪናው ነጻ ይሆናል። ቤቱን ትታችሁ ዘመድ ጥየቃ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳላችሁ። ካምፐር ያለው ሰው ግን ስኳር ለመግዛትም አልጋውን ይዞ መውጣት አለበት። ስለዚህ በአንድ ቦታ ወር ለሚቀመጥ ቤተሰብ ካራቫን፣ በየቀኑ ለሚንቀሳቀስ ካምፐር ይመቻል ይባላል። ይህ ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ካራቫን በለመደበት አገር አጥር፣ ውኃ፣ መብራትና መጸዳጃ ያለው የካራቫን ማቆሚያ እንዳለ አስቡ። ካራቫን ግማሽ ቤት ነው፤ ሌላው ግማሽ ያለው በማቆሚያው ውስጥ ነው። በእኛ መንገድ ላይ ይህን ጠብቃችሁ አትሂዱ።

መንገዱ ራሱ ይምረጥ

ከአዲስ አበባ በዓለም ገና ወጥቶ፣ በመልካ ቁንጥሬ፣ በጢያ፣ በቡታጅራና በወራቤ አልፎ ሆሳዕና የሚገባው አስፋልት 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መልካ ቁንጥሬ እ.ኤ.አ. በ2024፣ የጢያ ትክል ድንጋዮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጢያ ላይ ውረዱና ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ድንጋዮች አሳዩአቸው፤ እግራቸውም ይፍታታል። ቡታጅራ ላይ ቁርስ ወይም ምሳ ይበላል። ማልዶ የተነሣ ሰው ቀን በቀን ሆሳዕና ይገባል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ በዚህ ጉዞ መንገድ ላይ ማደር ግድ አይደለም። የማደሪያው ጥያቄ የሚመጣው ከደረስን በኋላ ነው።

ከወራቤ ወደ ሆሳዕና ስትቀርቡ እንሰቱ ይበዛል። ከየቤቱ ፊት የተጠበቀ ሣር፣ ከየቤቱ ኋላ የእንሰት ማሳ ታያላችሁ። በገበያ ቀን መንገዱን ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ከብትና ሰው ይጋሩታል። ከሆሳዕና ወጥታችሁ ወደ ገጠሩ ስትዘልቁ ደግሞ ከዋናው መንገድ ወደ ቤተሰብ ደጅ የሚያስገባው መንገድ ጠባብ ነው። ያሆዴና መሳላ የሚውሉት ክረምቱ ሲወጣ በመሆኑ ጭቃው ገና አልደረቀም።

አሁን ቁጥሩን እናስላ። የተለመደው ቶዮታ ሀይስ ሚኒባስ 4.7 ሜትር ያህል ርዝመትና 1.7 ሜትር ያህል ስፋት አለው። 6 ሜትር ካራቫን የሚስብ መኪና ግን ከነተሳቢው ከ10 ሜትር በላይ ይረዝማል። በጠባብ መንገድ ከፊታችሁ አይሱዙ ቢመጣ ወደ ኋላ መመለስ የግድ ነው። ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ መሪውን ወደ ቀኝ ስትጠመዝዙ ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳልና። በቁልቁለት ላይ ክብደቱ መኪናውን ወደ ፊት ይገፋል፤ በፍጥነት ከሄዳችሁ ተሳቢው እንደ ጅራት ይወዛወዛል። በእንግሊዝ አገር ለጀማሪዎች የሚሰጠው ምክር ካራቫኑ ከነጭነቱ ከሳቢው መኪና ክብደት 85 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ይህ ምክር የተሰጠው ለአስፋልት መሆኑን አትርሱ።

በሆሳዕናና በሀቢቾ መንገድ ከሁለቱ ምረጡ ብንባል እንግዲህ መልሱ ግልጽ ነው፤ አጭሩ፣ በአንድ አካል ያለው፣ በአባት በር የሚገባው ይሻላል።

ለዚህ ደግሞ ከውጭ አገር ካምፐር ማስመጣት አያስፈልግም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ፣ ያ መንገድ ለብዙዎች ዝግ ነው። ቀላሉ ዘዴ ሚኒባሱን ሳይለውጡ ማዘጋጀት ነው። የኋላ ወንበሮቹን አጥፎ፣ በልክ የተቆረጠ ጣውላ ዘርግቶ፣ ላዩ ላይ ስፖንጅ ፍራሽ ማንጠፍ፤ መስኮቶቹን ወፍራም መጋረጃ ማልበስ። ሲነጋ ጣውላው ይነሣል፣ ወንበሩ ይመለሳል፣ አያትን ወደ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ወንበር ነቅሎ አልጋ በብሎን መግጠም ግን ሊብሬው ላይ ከተጻፈው አገልግሎት ጋር ስለሚጋጭ ቦሎ ሲታደስ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ይህን ለማድረግ የሚያስብ አስቀድሞ የትራንስፖርት ቢሮን ይጠይቅ። ላንድክሩዘር ያላቸው ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን ይጠቀማሉ። ለጎልማሶች መልካም ነው፤ ነገር ግን በእኩለ ሌሊት ሕፃን ታቅፎ በመሰላል መውረድ ምን እንደሚመስል እናቶች ያስቡት።

ተደብቆ ማደር ወይስ ታውቆ ማደር?

በአውሮፓ በካምፐር የሚጓዙ ሰዎች “ሳይታዩ ማደር” የሚሉት ጥበብ አላቸው። መኪናው ተራ መስሎ እንዲታይ ያደርጋሉ፤ መሽቶ ገብተው ሳይነጋ ይወጣሉ። በትልቅ ከተማ ጎረቤት ከጎረቤት በማይተዋወቅበት ቦታ ይህ ይሠራ ይሆናል።

በሀዲያና በከምባታ ገጠር ግን አይሠራም። መኪናችሁን መጀመሪያ ልጆች ያዩታል። ከልጆች እናቶች ይሰማሉ፤ ከእናቶች ሽማግሌዎች ይሰማሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩ ሁሉ “ያ መኪና የማን ነው?” ይላል። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ደግሞ በጨለማ ወደ ፍርሃት ይለወጣል። መጋረጃው የተዘጋ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ መኪና በሌሊት ጥግ ላይ ቆሞ ሲገኝ የቀበሌው ሚሊሻ ሊያንኳኳ ይመጣል፤ ቢመጣም ሥራው ነው። እኛ ከሌባ ተደበቅን ስንል ለመንደሩ ሌባ መስለን እንታያለን።

ስለዚህ በአገራችን ለቤተሰብ የሚበጀው የማደሪያ ሕግ ሌላ ነው። ደኅና ቦታ ማለት ማንም የማያያችሁ ቦታ አይደለም፤ የሚያውቃችሁ ሰው ያለበት ቦታ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። “ከተማ” የሚለው ቃላችን ራሱ ቀድሞ የጦር ሰፈር፣ የንጉሥ ድንኳን የተተከለበት ቦታ ማለት ነበር። ለዚህ አካባቢ ወንጌላውያን ቅርብ የሆነ ሌላም ታሪክ አለ። በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቹ በቅሎ ጭነው፣ ድንኳን ይዘው ከአዲስ አበባ ሲነሡ አሳባቸው ወደ ጅማ ነበር። መንገዱ ግን ወደ ሀዲያና ከምባታ፣ ወደ ወላይታና ወደ ሲዳማ መራቸው። ሥራው በእነዚህ ቦታዎች ሊጀመር የቻለው በየአገሩ የነበሩት ገዢዎች እንግዶቹን ስለተቀበሏቸው ነው። ያ ሲራራ ተደብቆ አላደረም። ድንኳኑን የተከለው አስፈቅዶ ነው።

የከተማይቱ ስምም አንድ ነገር ያስታውሰናል። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማ ሆሳዕና የተባለችው በበዓሉ ስም ነው። ጌታችን በዚያ ዕለት ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ከተማዋ ለፋሲካ በመጣ ሕዝብ ተሞልታ ነበር። በእነዚያ ቀናት ሲመሽ ወጥቶ ያደረው ማርታ፣ ማርያምና አልዓዛር በሚኖሩባት በቢታንያ ነው። በበዓል ሰሞን ለማደር ወዳጆች ያሉበትን መንደር መምረጥ እንግዲህ ከጥንት የመጣ ነው።

እንግዲያው የት እንቁም?

አንደኛ፣ ግቢ ያለው ሆቴል። በሆሳዕናም ሆነ በመንገዱ ላይ ባሉ ከተሞች አጥርና ዘበኛ ያላቸው ሆቴሎች አሉ። ክፍሎቹ ቢሞሉም ባለቤቱን ስለ ማቆሚያው አነጋግሩት። “መኪናችንን ግቢ ውስጥ አቁመን እዚያው እንደር፤ እራታችንን እዚህ እንበላለን፤ ለሻወርና ለመጸዳጃ የሚገባውን እንከፍላለን” በሉት። ከተቻለ አንድ ክፍል ይዛችሁ ለእናትና ለሕፃን ስጡ። ለዘበኛው የሻይ አትርሱ፤ ሌሊቱን የሚነቃላችሁ እርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ። በዚህ አካባቢ አጥቢያ የሌለበት ቀበሌ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ የጌታ ቤት ነው ብሎ ዝም ብሎ መግባት ተገቢ አይደለም። ከመነሣታችሁ በፊት ከአጥቢያችሁ ስልክ አስደውሉ፤ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዱ፤ በብርሃን ድረሱ። በማለዳ የጸሎት ፕሮግራም ሊኖር ይችላልና መኪናችሁን በር ላይ አታቁሙ። ልብስ አጥባችሁ በግቢው አጥር ላይ አታስጡ። ስትሄዱ ግቢውን ከመጣችሁበት ይልቅ ንጹሕ አድርጋችሁ ተዉ፤ መባም ስጡ።

ሦስተኛ፣ ነዳጅ ማደያ። የጭነት መኪና ሾፌሮች በጋቢናቸው የሚያድሩበት ቦታ ስለሆነ ብርሃንና ሰው አለ፤ ጫጫታም አለ። ለአንድ ሌሊት ይሆናል። እዚያ ግን ክብሪት መጫር፣ ቡታጋዝ ማቀጣጠል ፈጽሞ አይቻልም።

አራተኛ፣ የዘመድ ደጅ። በዚህ ጊዜ ከቤቱ ፊት ያለውን ሣር በጎማ እንዳትረግጡት ተጠንቀቁ። ያ ሣር ለቅሶና ሠርግ የሚቀመጡበት፣ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት መስክ ነው። የት እንደምታቆሙ አባወራውን ጠይቁ።

የወንዝ ዳር፣ የድልድይ ሥርና ጭር ያለ የመንገድ ዳር ግን ለቤተሰብ ማደሪያ አይሆኑም። ላይኛው አገር የዘነበ ዝናብ እናንተ ሳታዩት በሌሊት ይደርሳል።

በእናት ደጅ መኪና ውስጥ ማደር

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ልጅ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ እናት ወገቧን ይዛ ጎንበስ ብላ አልጋ አንጥፋ፣ አታካና ሠርታ ስትጠብቅ፣ “እማዬ፣ እኛ መኪናው ውስጥ እናድራለን” ቢላት ምን ትሰማለች? “ቤቴ ጠበበህ? ቆሸሸብህ?” የሚል ነው የምትሰማው። ጎረቤትም ይጠይቃታል። የተመቸ ፍራሽ ያለው መኪና በደጇ ቆሞ ለእርሷ የስድብ ያህል ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ሚስትንም እንስማት። ባል በእናቱ ቤት ወዲያው ልጅ ይሆናል፤ ከወንድሞቹ ጋር ይስቃል፣ ቋንቋውን ይናገራል። ሚስት ግን፣ በተለይ ከሌላ አካባቢ የመጣች እንደ ሆነች፣ እንግዳም ቤተኛም ሳትሆን ሳምንት ታሳልፋለች። ማታ ቀኗን ለባሏ የምትነግርበት ጥግ የላትም። ለብቻ መሆንን መፈለጓ ኩራት አይደለም፤ የትዳር ፍላጎት ነው። ብዙ ባልና ሚስት ከበዓል ሲመለሱ ቡታጅራ ሳይደርሱ የሚጨቃጨቁት ሳምንቱን ሙሉ ያልተነጋገሩትን በሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ሊጨርሱ ሲሞክሩ ነው።

ሁለቱንም የሚያከብር መንገድ አለ። የመጀመሪያውን ሌሊት በእናት ቤት እደሩ፤ ያነጠፈችውን ተኙበት። በማግስቱ ልጅየው ራሱ፣ ሚስቱን ሳይልክ፣ እናቱን ለብቻዋ ያነጋግራት። “እማዬ፣ ቤቱ ለእንግዶችሽ እንዲበቃ እኛ እዚህ ደጅሽ ላይ እንተኛ፤ ልጆቹ ካንቺ ጋር ይደሩ” ይበላት። ልጆቹን ያገኘች አያት ብዙ ጊዜ እሺ ትላለች። እምቢ ካለች ግን ጣውላው ይጠቀለል። የመጣነው እርሷን ለማየት እንጂ በፍራሻችን ልንተኛ አይደለም። ባልና ሚስት በቀን ወጣ ብለው፣ ለምሳሌ በከምባታ 777 ደረጃ ወዳለው ወደ አምበሪቾ ተራራ ሄደው፣ የልባቸውን ሊነጋገሩ ይችላሉ።

ስለ ሌሊቱ ጥቂት ጥንቃቄ

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል። በዚህ ጊዜ ለቡና የተቀጣጠለውን ከሰል ከነምድጃው መኪና ውስጥ ማስገባት የሚያስብ ሰው አይጠፋም። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! ከከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል የማይታይ፣ የማይሸት ጋዝ ይወጣል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግ አያድንም። ሞተር አስነሥቶ መተኛትም ያው ነው። ጋቢ፣ ብርድ ልብስና በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ ይበቃል።

ከደጋው ወደ ግቤ ሸለቆ በወረዳችሁ መጠን ደግሞ ሙቀቱና የወባ ትንኙ ይጨምራል። አጎበር ያዙ። ለሕፃናት ፖፖ፣ ለእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ውኃ፣ የእጅ ባትሪ አይጥፋ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሆነ ስልካችሁ ቻርጅ እንዳያልቅበት፤ ወደ ገጠር ሳትገቡም ሆሳዕና ላይ ነዳጅ ሙሉ። የመንገዱን ጸጥታ በጠዋቱ ጠይቃችሁ ተነሡ፤ ከመሸ አትንዱ።

ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ

ውድ ባለ ትዳሮች፣ አንድ ምሽት አብራችሁ ተቀመጡና እነዚህን ጥያቄዎች ተመላለሱባቸው።

1. መኪና ውስጥ ማደር የምንፈልገው ለምንድን ነው? ለገንዘብ፣ ለቦታ ጥበት ወይስ ለብቻችን ለመሆን?

2. በእናትህ ወይም በእናትሽ ቤት ማን ያነጋግራል? መቼ?

3. በየሌሊቱ የምናድርበትን ከመንደሩ ማን ያውቃል? ከቤታችንስ ለማን እንደውላለን?

4. ባለ ደጁ “አይሆንም” ቢለን ሁለተኛው ማደሪያችን የት ነው?

ለአራቱም መልስ ካገኛችሁ መጋረጃውን ስፉ፣ ጣውላውን አስቆርጡ። ለአንዱ እንኳ መልስ ካጣችሁ መኪናውን ሳይሆን ጉዞውን እንደ ገና አስቡበት።

መልካም ጉዞ፣ መልካም በዓል!